የውድድር መኪና የነዳጅ ሥርዓት

የውድድር መኪና የነዳጅ ሥርዓት ነዳጅን ከሰልባትዮ አንስቶ በተወሰነ ግፊት እስከ ሞተሩ ኢንጀክተሮች የሚያደርስ የፓምፖች፣ የቱቦዎች፣ የማጣሪያዎችና የግፊት መቆጣጠሪያዎች ስብስብ ነው። ለከተማ መንገድ ከተሠራው የሚለየው በሚደርስበት ጫና ነው። በውድድር ሜዳ ላይ ሞተሩ ደጋግሞ በሙሉ ጉልበት ይሠራል፤ በመታጠፊያ ነዳጁ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ሙቀቱም በየዙሩ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ንድፉ ሁለት ግቦች አሉት፦ ግፊቱ ለአፍታም እንዳይወርድ ማድረግ፣ በግጭት ጊዜም ነዳጁ እንዳይፈስ መጠበቅ። ከፍተኛ ጉልበት ባለው ቱርቦ ሞተር ውስጥ ነዳጅ ካነሰ ሙቀቱ ይንራል፤ ቅልቅሉ ከሥርዓት ውጪ ይፈነዳል፤ ፒስተንም በጥቂት ሰከንዶች ሊቀልጥ ይችላል።

የፍጆታ ስሌት

ንድፉ የሚጀምረው ከሚፈለገው የነዳጅ መጠን ነው። በሙሉ ጉልበት የሚሠራ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 230 ግራም ገደማ፣ ቱርቦ ያለው ደግሞ 270 ግራም ገደማ እንደሚፈልግ ተደርጎ ይሰላል። በዚህ መሠረት ባለ 600 የፈረስ ጉልበት ቱርቦ ሞተር በሰዓት 162 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 220 ሊትር ያህል ቤንዚን ይፈልጋል። ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ከሆነና ኢንጀክተሮቹ ከአቅማቸው 80 በመቶ በላይ እንዳይሠሩ ከተፈለገ፣ እያንዳንዱ በደቂቃ 760 ሚሊ ሊትር ገደማ ማሳለፍ አለበት።

የነዳጁ ዓይነት ስሌቱን ይለውጠዋል። 85 በመቶ ድረስ ኢታኖል ያለበት ኢ85 በሊትር የሚይዘው ኃይል ከቤንዚን ስለሚያንስ፣ ፍሰቱ ከ30 እስከ 40 በመቶ መጨመር ይኖርበታል። የሜታኖል ፍላጎት ደግሞ ከቤንዚን እጥፍ በላይ ነው። ሁለቱም አንዳንድ የጎማና የብረት ዓይነቶችን ስለሚጎዱ፣ ቱቦና ማጣሪያ ሲመረጥ ለእነዚህ ነዳጆች የተሠራ መሆኑ ይረጋገጣል።

ሰልባትዮና መሰብሰቢያ ታንክ

መኪና በ1 ጂ የጎን ኃይል ሲታጠፍ በሰልባትዮው ውስጥ ያለው የነዳጅ ገጽ 45 ዲግሪ ያዘነብላል፤ በውድድር ጎማ ደግሞ ከዚያ የበለጠ። ሰልባትዮው ግማሽ ቢሆን እንኳ ፓምፑ በነዳጅ ፋንታ አየር ሊስብ ይችላል። በሰልባትዮው ውስጥ የሚገቡ ከፋፋይ ግድግዳዎች መንቦጫረቁን ይቀንሳሉ፤ ዋናው መፍትሔ ግን ከአንድ እስከ ሦስት ሊትር የሚይዝ መሰብሰቢያ ታንክ ነው። አነስተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ከሰልባትዮው እየሳበ ይሞላዋል፤ ዋናው ፓምፕ ከግርጌው ይስባል፤ ከሞተሩ የተረፈው ነዳጅ ወደዚያው ይመለሳል፤ የገባው አየርና ትርፉ ነዳጅ ከአናቱ ወደ ሰልባትዮው ይወጣል። ከላይ በተጠቀሰው ሞተር ሁለት ሊትር የያዘ መሰብሰቢያ ታንክ፣ አዲስ ነዳጅ ባይገባለት እንኳ፣ ለ30 ሰከንድ ያህል ሙሉ ጉልበት ይበቃል። ከዚህ የሚረዝም መታጠፊያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ፓምፕ፣ ግፊትና ቱቦ

ፓምፕ የሚገፋው የነዳጅ መጠን ግፊቱ ሲጨምርም ሆነ የሚደርሰው ቮልቴጅ ሲወርድ ይቀንሳል። የመነሻ ግፊቱ 3 ባር ከሆነና ቱርቦው 1.5 ባር ከጨመረ፣ ፓምፑ የሚመረጠው በ4.5 ባር በሚያሳልፈው መጠን ነው፤ በ3 ባር የተለካውን ብቻ አይቶ የሚመርጥ ሞተሩን ለአደጋ ያጋልጣል። የኤሌክትሪክ መስመሩ በወፍራም ሽቦና በሪሌ በቀጥታ ከባትሪ መምጣት አለበት። ፓምፕ ከመሳብ ይልቅ መግፋት ስለሚቀናው ከነዳጁ ወለል ዝቅ ብሎ ይተከላል።

የግፊት መቆጣጠሪያው በቀጭን ቱቦ ከአየር ማስገቢያው ጋር ይገናኛል። ቱርቦው አንድ ባር ሲጨምር የነዳጁም ግፊት አንድ ባር ይጨምራል፤ በኢንጀክተሩ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት ግን አይለወጥም። ከፓምፑ በፊት 100 ማይክሮን፣ ከፓምፑ በኋላ 10 ማይክሮን የሆነ ማጣሪያ መጠቀም የተለመደ ነው። ቱቦዎቹ ከጭስ ማውጫና ከቱርቦ ይርቃሉ። የተመላሹ ነዳጅ ሙቀት በረጅም ውድድር ስለሚጨምርና የጋለ ነዳጅ ወደ ትነት ስለሚለወጥ ማቀዝቀዣ ሊያስፈልግ ይችላል።

ደኅንነት

የዘመናዊው ሰልባትዮ ቅርጽ ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ዴቭ ማክዶናልድ እና ኤዲ ሳክስ በነዳጅ ቃጠሎ ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ ውድድሩ ከቤንዚን ወደ ሜታኖል ተሸጋገረ። በፎርሙላ 1 ደግሞ ከ1970 ጀምሮ ነዳጁ በግጭት በማይቀደድ ተጣጣፊ ከረጢት ውስጥ እንዲቀመጥ ግዴታ ሆነ። የዓለም አቀፉ የመኪና ፌዴሬሽን ኤፍ.ቲ.3 መለኪያ የሚያሟሉ ከረጢቶች በጨርቅ ከተጠናከረ ጎማ ይሠራሉ፤ የአገልግሎት ዘመናቸውም ከተሠሩበት ቀን 5 ዓመት ነው። ውስጣቸው የሚሞላው ስፖንጅ የነዳጁን መናወጥ ይቀንሳል። መኪናው ሲገለበጥ የአየር መተንፈሻውን የሚዘጋ ቫልቭ፣ ሾፌሩን ከነዳጁ የሚለይ ግድግዳና ሞተሩ ሲቆም ፓምፑን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም የግድ ያስፈልጋሉ።

ከረጢት ብቻውን በቂ አይደለም። በኅዳር 2020 (እ.ኤ.አ.) በባህሬን የፎርሙላ 1 ተወዳዳሪው የሮማን ግሮዣን መኪና ከብረት አጥር ጋር ተጋጭቶ ለሁለት ሲከፈል፣ ምርመራው ነዳጁ የወጣው ከሰልባትዮው የፍተሻ ክዳንና ከከረጢቱ ላይ ከተቀደደው የሞተር መስመር መገጣጠሚያ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ መገጣጠሚያዎችና ክዳኖች ከረጢቱ ያገኘውን ያህል ትኩረት ማግኘት አለባቸው።

ፍተሻ

የተገጠመ ሥርዓት የሚፈተነው በከባዱ ሁኔታ ነው፦ ነዳጁ አነስተኛ ሆኖ፣ በጋለ ሞተር፣ በረጅም መታጠፊያ ላይ። የግፊት ሴንሰር ንባቡን ይመዘግባል፤ የሞተሩ ኮምፒውተርም ግፊቱ ከተወሰነው ልክ ሲወርድ ጉልበቱን እንዲቀንስ ወይም ሞተሩን እንዲያጠፋ ይዘጋጃል። የግፊቱ ንባብ በዚህ ሁኔታ ሳይዋዥቅ ከቆየ መኪናው ለውድድር ዝግጁ ነው፤ ከተዋዠቀ ግን የቱርቦውን ግፊት ከመጨመር በፊት ምክንያቱ ተፈልጎ መስተካከል አለበት።