ከበጀት ሹምነት እስከ ዋና ጸሐፊነት

በዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ለማገልገል የሚመኝ ወጣት ምሩቅ ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። አንደኛው መግቢያው በር የት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ይከብዳል፤ ይኸውም ድኻ አገር ያስተማረችው ሰው ዕውቀቱን ለዓለም ሲያውል አገሩን ከድቷልን የሚል ነው። የኮፊ አናን የሥራ ዘመን ሁለቱንም ጥያቄዎች ለመመርመር ያስችላል።

አናን በ1938 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) በኩማሲ ከተማ ተወለዱ። ጋና በ1957 ነጻነቷን ስትቀዳጅ የ18 ዓመት ወጣት ነበሩ። በኩማሲ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ኮሌጅ ትምህርት ጀምረው፣ በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ወደ አሜሪካ ተሻገሩና በ1961 በሚኒሶታ ከሚገኘው ማካሌስተር ኮሌጅ በኢኮኖሚክስ ተመረቁ። በጄኔቭ ከፍተኛ ትምህርት ሲከታተሉ ቆይተውም በ1962 በዚያው ከተማ በዓለም የጤና ድርጅት ተቀጠሩ። የተሰጣቸው ሥራ የዲፕሎማት ወንበር ሳይሆን በባለሙያ እርከን ዝቅተኛው ደረጃ ላይ የሚገኝ የበጀት ሹምነት ነበር። በሩ እንግዲህ ይህ ነው፤ ጠባብ፣ ዝቅ ያለና የሒሳብ መዝገብ የተደረደረበት።

ከዚያም በ1960ዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ መጥተው በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሠሩ። በ1972 ደግሞ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በሥራ አመራር ማስተርስ ዲግሪ ተቀበሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አናን በ1974 ወደ አገራቸው ተመልሰው የቱሪዝም ልማት ድርጅትን መሩ። ጋና በዚያን ጊዜ በወታደራዊ መንግሥት ሥር ነበረች። ሁለት ዓመት ያህል ሠርተው ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተመለሱ። የድርጅቱ ቻርተር በአንቀጽ 100 ሠራተኛው ከማንኛውም መንግሥት ትእዛዝ እንዳይጠይቅም ሆነ እንዳይቀበል ይከለክላል። ይህ ድንጋጌ ከአገር ፍቅር የሚያፋታ አይደለም፤ የአንዱን መንግሥት ጥቅም ለማስፈጸም መሣሪያ ከመሆን ግን ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ ከመንግሥታት ትእዛዝ ነጻ መሆን ከኃላፊነት ነጻ መሆን ማለት አይደለም። በ1994 በሩዋንዳ እልቂቱ ሲፈጸም የሰላም ማስከበር ክፍሉ የበላይ አናን ነበሩ። ገለልተኛ መርማሪዎች በ1999 ባቀረቡት ሪፖርት አባል መንግሥታትን ብቻ ሳይሆን የድርጅቱን ጽሕፈት ቤት ጭምር ወቀሱ፤ በዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊ የነበሩት አናንም ጸጸታቸውን በይፋ ገለጹ።

አናን ከድርጅቱ ሠራተኞች መካከል ወጥተው በ1997 የዋና ጸሐፊነቱን ሥልጣን በመያዝ የመጀመሪያው ናቸው። በ2001 ከድርጅቱ ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተካፈሉ፤ በ2018 አረፉ።

ስለዚህ የተማረ ሰው ታማኝነት የሚመዘነው በተቀመጠበት ከተማ አይደለም። የሚመዘነው በእጁ የገባውን ሥራ በንጽሕና በመፈጸሙ፣ ሲሳሳትም ስሕተቱን ሳይሸሽግ በመቀበሉ ነው። ይህ ሚዛን በአገር ውስጥ ድልድይ ለሚሠራውም ሆነ በባዕድ ከተማ በጀት ለሚያዘጋጀው ባለሙያ አንድ ነው።