ቋንቋ መቻል እና መተርጎም፦ በሰርተፍኬት ደረጃ የሚሰጠው የትርጉም ትምህርት

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ እንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ አገውኛንና አማርኛን እያቀያየረ የሚናገር ሰው ማግኘት አይቸግርም። ይህ ሰው ግን ተርጓሚ ነው ማለት አይደለም። ትርጉም ራሱን የቻለ ሙያ ሲሆን፣ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ከመጀመሪያ ዲግሪ አጠር ባለ የሰርተፍኬት መርሐ ግብር ጭምር ያስተምሩታል።

የትምህርቱ መነሻ ተርጓሚንና አስተርጓሚን መለየት ነው። ተርጓሚ የተጻፈውን በጽሑፍ ይመልሳል፤ መዝገበ ቃላት ለማገላበጥም ጊዜ አለው። አስተርጓሚ ግን የተነገረውን ሰምቶ ወዲያው በቃል ያስተላልፋል።

የአስተርጓሚው ጉዳይ ክብደት በፍርድ ቤት ጎልቶ ይታያል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ችሎቱ በማይረዳው ቋንቋ በሚካሄድበት ጊዜ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27 ደግሞ በፖሊስ ምርመራ ጊዜ የተመደበው አስተርጓሚ የጥያቄውንና የመልሱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ ያዛል። ይህን ኃላፊነት በችሎት አካባቢ ለተገኘ ዘመድ ወይም ጎረቤት መስጠት፣ በእኔ አስተያየት፣ መብቱን በወረቀት ላይ ማስቀረት ነው።

ሠልጣኙ በመጀመሪያ ከሚለማመዳቸው ነገሮች አንዱ በተናጋሪው አንደበት መናገር ነው። ምስክሩ «አላየሁም» ሲል አስተርጓሚው «አላየሁም» ይላል እንጂ «አላየም ነው የሚለው» አይልም። እንዲህ ካልሆነ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ቃል የማን እንደሆነ ይምታታል። መጨመር፣ መቀነስ፣ ማሳመርም ክልክል ነው። ስድብ ቢሆን እንኳ ስድቡ ይተላለፋል። ከባለጉዳዩ ጋር ዝምድና ወይም ጥቅም ያለው አስተርጓሚም አስቀድሞ ማሳወቅና ራሱን ማግለል ይጠበቅበታል።

በጽሑፍ ትርጉም በኩል ትልቁ ሥራ የሙያ ቃላት ናቸው። ለዚህ ግብርናችን በቂ ምሳሌ ይሆናል። የስንዴን በሽታ የሚገልጸው የእንግሊዝኛ ቃል በቀጥታ ሲመለስ «ዝገት» ነው፤ አርሶ አደሩ ግን በሽታውን የሚያውቀው «ዋግ» ብሎ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ በስፋት የሚተከለውን ዲከረንስ ያጠቃው በሽታም በእንግሊዝኛ በዚሁ ቃል ይጠራል። «ዛፉን ዝገት ይዞታል» የሚል መልእክት የደረሰው ገበሬ ምን ሊያደርግ ይችላል? የመጠን ስህተትማ ከዚህም ይከፋል። ለሄክታር የተባለው የኬሚካል መጠን ለጥማድ ተብሎ ቢተረጎም፣ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ገደማ በመሆኑ፣ ማሳው አራት እጥፍ ይረጫል። ለዚህም ነው ሠልጣኞች የራሳቸውን የሙያ ቃላት መዝገብ እንዲያዘጋጁና ቁጥርን ሁለት ጊዜ እንዲያመሳክሩ የሚደረገው።

የአገውኛ አጻጻፍ የራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ቋንቋው በግዕዝ ፊደል ቢጻፍም አማርኛ የማይጠቀምባቸው እንደ «ጘ» ያሉ ፊደላት አሉት። ተናጋሪዎቹ ቋንቋቸውን የሚጠሩበት «አውጚ» የሚለው ስም በአማርኛ ጽሑፎች «አውኚ» እየተባለ የሚገኘውም ለዚህ ነው። የአንድ ሰው ስም በመታወቂያውና በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ በሁለት ዓይነት ፊደል ከተጻፈ ባለይዞታው ማንነቱን ለማስረዳት ይንገላታል።

በዞኑ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአገውኛ ስለሚማሩ፣ ሁለቱንም ቋንቋ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ወጣቶች አሉ። ለትርጉም ሰርተፍኬት መመዝገብ የሚፈልግ ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ልምምዱ በየትኞቹ ቋንቋዎች እንደሚሰጥ፣ ሥራውን የሚያርመውም ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ መምህር መሆኑን ይጠይቅ። ልምምዱ በእንግሊዝኛና በሌሎች የውጭ ቋንቋዎች ብቻ ከሆነ፣ የአገውኛውን የሙያ ቃላት መዝገብ ሠልጣኙ ራሱ ከግብርና ባለሙያዎችና ከቋንቋው መምህራን ጋር ማዘጋጀት ይኖርበታል።