መቶ ዓመት የተረሳችው የሕዋስ ፀጉር

እ.ኤ.አ. በ1920 ፈረንሳዊው ሐኪም ጆርጅ ባርዴ ትርፍ ጣትን፣ ከልጅነት የሚጀምር ውፍረትንና የዓይን መድከምን በአንድ ሕመም ሥር አገናኘ። በ1922 አርቱር ቢድል የራሱን ምልከታ አከለበት፤ ሕመሙም በሁለቱ ስም ተጠራ። ኩላሊትንም እንደሚያጠቃ ኋላ ታወቀ። ግን ጣትን፣ ዓይንንና ኩላሊትን ምን ያዛምዳቸዋል?

ፍንጩ ቀድሞ ታይቶ ነበር። በ1898 የአናቶሚ ሊቁ ካርል ቪልሄልም ዚመርማን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ከሕዋስ ላይ የበቀለች አንዲት ፀጉር አየ። ሲሊያ ከሚባሉት ወገን ናት፤ በአየር ቧንቧችን አክታ እንደሚጠርጉት ግን አትርገበገብም። ዚመርማን ስሜት ተቀባይ ሳትሆን አትቀርም ብሎ ገመተ። ሰሚ አላገኘም፤ ለአሥርተ ዓመታት ብዙዎች ፋይዳ ቢስ ቅሪት አድርገው ቆጠሯት። ያ ዝምታ ያስቆጫል፤ ሕሙማኑ በዚያ ሁሉ ዘመን መልስ ይጠብቁ ነበርና።

መልሱ የመጣው ከኩሬ አልጌ ነው። በ1993 የየል ዩኒቨርሲቲው ጆኤል ሮዘንባውምና ባልደረቦቹ ከሲሊያ ወገን በሆነው በአልጌው ጭራ ውስጥ ጭነት ሽቅብ ቁልቁል ሲመላለስ አዩ። በ2000 ከጭነት አመላላሾቹ አንዱን የሚሠራው ዘረ መል ሲበላሽ የአይጥ ኩላሊት ውኃ በቋጠሩ ከረጢቶች እንደሚሞላ፣ የኩላሊቱ ሲሊያም አጭር እንደሚሆን ታየ። በ2003 የባርዴና የቢድል ሕመም ከዚህችው ፀጉር ሥር ጋር ተያያዘ። በዚያው ዓመት የካትሪን አንደርሰን ቡድን የፅንስን አካል የሚቀርጸው ‘ሄጅሆግ’ የተባለው መልእክት ያለ ሲሊያ አመላላሾች እንደማይሠራ አሳየ። ፀጉሯ የሕዋስ አንቴና ናት፤ ጣት ስንት ይሁን የሚለው ትእዛዝ በእርሷ በኩል ያልፋል፣ የዓይን ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳትም በእርሷ ላይ ይታነጻሉ። የአንጎል የረሃብና የጥጋብ መልእክትም ከእርሷ ጋር ስለሚያያዝ በ2022 አሜሪካ ለዚሁ ሕመም ውፍረት ሴትሜላኖታይድ የተባለውን መድኃኒት ፈቀደች።

ሕመሙ የሚከሰተው ባብዛኛው አባትም እናትም የተበላሸውን ዘረ መል ሳይታመሙ ሲያወርሱ ነው። ዘመዳሞች ዘረ መል ስለሚጋሩ፣ ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው እንዲህ ያለው አጋጣሚ ይቀንስለታል። የአጎት ልጅ ማግባት ነባር ልማድ በሆነበት በሱዳን፣ ‘አብሱማ’ የተባለውን የዘመድ ጋብቻ በሚያከብሩት በእኛው አፋሮችም ዘንድ ግን ጉዳዩ ቅርብ ነው። ስድስተኛ ጣት ብቻውን ባብዛኛው ጉዳት የለውም፤ ዳፍንትና ከልክ ያለፈ ውፍረት ከታከሉበት ግን የልጁ ኩላሊት መታየት አለበት። በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፣ በአል-ጣኢፍ ሰፈር የሚኖር ቤተሰብ ይህን ምርመራ የሚያገኘው በከተማዋ ሆስፒታሎች ነበር፤ በኤፕሪል 2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙዎቹ ተዘጉ፣ የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልጋቸው ሕሙማንም ሕክምና ፍለጋ ከከተማዋ ተሰደዱ።