ሰውን ሊያስር ሄዶ የታሰረው መልእክተኛ

የእንግሊዝን ፓርላማ ክርክር ዛሬ በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው፣ ያንን ጽፎ ማተም ጥፋት ነበር ቢሉት አያምንም። ነበር እንጂ! የታችኛው ምክር ቤት በ1738 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ክልከላውን አጥብቆ አወጀ። ምስጢሩ ድሮ አባላት ንጉሡን ሳይፈሩ እንዲናገሩ የተበጀ ከለላ ነበር። ኋላ ግን የሚሸሸጉት ከመራጩ ሆነ።

አንድ መጽሔት መላ ዘየደ፤ ክርክሩን የሊሊፑት ምክር ቤት ወሬ አስመስሎ አተመ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን ነበር፤ አዎ፣ የመዝገበ ቃላቱ ጆንሰን። አዳራሹን እምብዛም ሳይረግጥ፣ ሌሎች የሰሙትን ፍርፋሪ ይዞ ንግግሩን ያቀናብራል። ምስጢር ያበዛው ምክር ቤት ልብ ወለድ ተሸለመ ማለት ነው።

በ1771 ነገሩ ከረረ። የምክር ቤቱ መልእክተኛ ለንደን ውስጥ አታሚውን ጆን ሚለርን ሊይዝ ቤቱ ድረስ ሄደ። ሚለር የከተማውን ዘብ ጠርቶ መልእክተኛውን ራሱን አሳሰረው! ከንቲባው ብራስ ክሮዝቢ ከጆን ዊልክስና ከሪቻርድ ኦሊቨር ጋር ተቀምጦ አታሚውን በነፃ ለቀቀ፤ ያለ ከተማው ዳኛ ፈቃድ የከተማው ሰው አይያዝም ብሎ። ምክር ቤቱ ክሮዝቢንና ኦሊቨርን ታወር ወኅኒ ከተታቸው። ዊልክስን ግን አልደፈረም፤ ቀድሞ በታሰረ ጊዜ የተነሳውን ሁከት አልረሳማ!

ሁለቱ በግንቦት ሲፈቱ ጋዜጦቹ ማተማቸውን ቀጠሉ፤ ምክር ቤቱም አይቶ እንዳላየ አለፈ። ማስታወሻ መያዝ ስለማይፈቀድ ዊልያም ዉድፎል የሰዓታት ክርክር በቃሉ ይዞ ወጥቶ ያትም ነበር። ምክር ቤቱ ክልከላውን ከእንግዲህ አላስፈጽምም ብሎ የወሰነው በ1971 ነው፤ ድፍን ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ።