ከትርፍ በፊት የሚመጣው ግዴታ፦ የአነስተኛ ንግድ ሽያጭ፣ ዕቅድና ታክስ በአል ዓይን

በአል ዓይን ከተማ በአል ኸቢሲ ሰፈር አነስተኛ ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም የልብስ ስፌት ቤት የሚከፍት ሰው ከሁለት መሥሪያ ቤቶች ጋር ይገናኛል። የንግድ ፈቃዱን የሚያገኘው በአቡ ዳቢ የኢኮኖሚ ልማት መምሪያ በኩል ሲሆን፣ የታክስ ጉዳዩን የሚከታተለው ግን የፌዴራል ታክስ ባለሥልጣን ነው። ብዙ ጀማሪ ነጋዴዎች «ገና ስላላተረፍሁ ታክስ አይመለከተኝም» ብለው ያስባሉ። ሕጉ ግን የምዝገባን ግዴታ በአብዛኛው የሚለካው በትርፍ ሳይሆን በሽያጭ መጠን ነው።

የተጨማሪ እሴት ታክስ በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 1 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሆን መጣኔውም 5 በመቶ ነው። ባለፉት 12 ወራት ታክስ የሚከፈልበት ሽያጩ ከ375,000 ድርሃም ያለፈ፣ ወይም በሚቀጥሉት 30 ቀናት ከዚህ መጠን እንደሚያልፍ የሚጠብቅ ነጋዴ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ከ187,500 ድርሃም በላይ የሸጠ ወይም ወጪ ያደረገ በፈቃዱ ሊመዘገብ ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። የአንድ ሱቅ የቤት ኪራይ፣ ደመወዝ፣ የመብራትና የፈቃድ ወጪ በወር በአማካይ 12,000 ድርሃም ነው እንበል። ባለቤቱ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ 100 ድርሃም የዕቃውን መግዣ ሲቀንስ 40 ድርሃም ይተርፈዋል። ወጪውን ለመሸፈን ብቻ በየወሩ 30,000 ድርሃም፣ በዓመት 360,000 ድርሃም መሸጥ ይኖርበታል። ይህ ሱቅ አንዲት ድርሃም ሳያተርፍ ከምዝገባው ወሰን የሚለየው 15,000 ድርሃም ብቻ ነው። አንድ የደራ የበዓል ገበያ ወሰኑን ሊያሻግረው ይችላል።

ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ያለፉትን 12 ወራት ሽያጭ መደመር ያስፈልጋል። ስሌቱ ከጥር ወይም ከሐምሌ አይጀምርም፤ ከወር ወደ ወር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ወሰኑ ከታለፈ በ30 ቀናት ውስጥ ኤማራታክስ በተባለው የባለሥልጣኑ የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ማመልከት ግድ ነው። የዘገየ ሰው 10,000 ድርሃም ይቀጣል። ከዚህም ሌላ መመዝገብ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ያለውን ታክስ ይጠየቃል፤ ገዢዎቹ ዕቃቸውን ይዘው ስለሄዱ ክፍያው የሚወጣው ከራሱ ኪስ ነው።

የተመዘገበ ነጋዴ ለገዢው የሚያሳየው ዋጋ ታክሱን ያካተተ መሆን አለበት። በ210 ድርሃም ከተሸጠ ዕቃ ውስጥ 10 ድርሃሙ የመንግሥት ነው። ለንግዱ ዕቃ ሲገዛ የከፈለውን ታክስ፣ ትክክለኛ የታክስ ደረሰኝ እስከያዘ ድረስ፣ ከሰበሰበው ላይ ይቀንሳል። ልዩነቱን በየታክስ ዘመኑ መጨረሻ ካሉት ቀናት በኋላ በ28 ቀናት ውስጥ ስለሚከፍል፣ የተሰበሰበውን ታክስ በተለየ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ይበጃል። በዱቤ የሚሸጥም ይጠንቀቅ፤ ደረሰኝ ከተሰጠ ገዢው ገንዘቡን ባይከፍልም ታክሱ በአብዛኛው መከፈል ይኖርበታል።

ሁለተኛው የኮርፖሬት ታክስ ነው። ከሰኔ 1 ቀን 2023 ወዲህ በሚጀምሩ የሒሳብ ዓመታት ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ እስከ 375,000 ድርሃም ባለው ታክስ የሚከፈልበት ትርፍ ላይ ዜሮ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 9 በመቶ ነው። 500,000 ድርሃም ያተረፈ ድርጅት የሚከፍለው 11,250 ድርሃም ይሆናል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሽያጩ ምንም ያህል ቢያንስ መመዝገብ አለበት፤ ከመጋቢት 1 ቀን 2024 ወዲህ የተቋቋመ ከሆነ የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ነው። በግል ስሙ የሚነግድ ሰው ግን የሚመለከተው የንግድ ገቢው በአንድ የጎርጎርዮሳዊ ዓመት፣ ከጥር እስከ ታኅሣሥ፣ ከ1 ሚሊዮን ድርሃም ሲያልፍ ነው። ደመወዝ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

ገቢው በተያዘውና ቀደም ባሉት የታክስ ዘመናት ከ3 ሚሊዮን ድርሃም ያልበለጠ ነጋዴ የአነስተኛ ንግድ እፎይታን መምረጥ ይችላል። ይህን ሲያደርግ ታክስ የሚከፈልበት ትርፍ እንደሌለው ይቆጠራል። እፎይታው ግን በራሱ አይመጣም፤ ተመዝግቦ፣ የታክስ ማስታወቂያውን ዘመኑ ባበቃ በ9 ወራት ውስጥ አቅርቦ መምረጥን ይጠይቃል። በኪሣራ የጀመረ ድርጅትም ቢያስብበት ይሻላል፤ እፎይታውን በመረጠበት ዘመን የደረሰ ኪሣራ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላልፎ ከትርፍ አይቀነስም።

የኮርፖሬት ታክስ ምዝገባን ያዘገየ 10,000 ድርሃም ይቀጣል። ሆኖም የመጀመሪያ የታክስ ዘመኑ ባበቃ በ7 ወራት ውስጥ ማስታወቂያውን ያቀረበ ሰው ቅጣቱ እንዲነሣለት በ2025 ተወስኗል።

መዝገብም የንግዱ አካል ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ሰነዶች በጥቅሉ ለ5 ዓመት፣ የኮርፖሬት ታክስ ሰነዶች ለ7 ዓመት መቀመጥ አለባቸው። የአነስተኛ ንግድ እፎይታው የሚያገለግለው እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2026 ድረስ ለሚያበቁ የታክስ ዘመናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ ዕቅድ የሚያወጣ ነጋዴ 9 በመቶውን ከወዲሁ በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።