ጥፋተኛ የማይፈለግበት ሕግ

ሥራ ላይ የተጎዳ ሐበሻ እኔ ዘንድ ሲመጣ ከሕመሙ በፊት ጥፋቱን ይናዘዛል። «እትዬ፣ በረዶውን እያየሁ ነው የረገጥኩት» ይላል የፓርኪንጉ ልጅ። «ጋሪውን አብዝቼ ጭኜው ነበር» ትላለች የሆቴሏ። ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት የሆቴል አልጋ አንጥፌያለሁ፤ የሠራተኛ ማኅበራችን ተጠሪም ነበርኩ። አሁን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ተቀምጬ የተጎዱ ወገኖች ቅጽ ሲሞሉ አብሬያቸው እሞላለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ የሕግ ክርክር ሲመጣ ወደ ጠበቃ እልካለሁ። ከዚያ በፊት ግን ኑዛዜውን ማስቆም አለብኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ ይህ አገር ከመቶ ዓመት በፊት የተወው ነገር ነው፤ የተወውም ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

ኒኮላስ ፋርዌል የሚባል የባቡር ነጂ ነበር። በማሳቹሴትስ፣ በቦስተንና ዉስተር የባቡር ኩባንያ፣ በቀን 2 ዶላር እየተከፈለው ይሠራ ነበር። በ1837 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት የአሜሪካና የጀርመን ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሌላ ሠራተኛ የሐዲዱን መቀያየሪያ በትክክል ሳያዞረው ቀረና ባቡሩ ከመስመር ወጣ፤ የፋርዌልም ቀኝ እጅ ተጨፈለቀ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1842 ፈረደበት። ዋና ዳኛው ሌሙኤል ሾው ሲያስረዱ፣ የባቡር ነጂ ደመወዝ ከመካኒክ ይበልጣል፣ ብልጫውም የአደጋው ዋጋ ነው፣ ፋርዌል አደጋውን ዐውቆ ገብቶበታል፣ ያጠፋውም የሥራ ባልደረባው እንጂ ኩባንያው አይደለም አሉ። እጁ በ2 ዶላር ውስጥ አስቀድሞ ተከፍሎበታል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለሰባ ዓመት ያህል የአሜሪካ ሠራተኛ ሲከስስ ሦስት በር ይዘጋበት ነበር። ያጠፋው ባልደረባህ ከሆነ አሠሪህን አትጠይቅም። አደጋውን ዐውቀህ ከገባህበት አትጠይቅም። አንተም በጥቂቱ ካጠፋህ ሁሉን ታጣለህ። ሕዝቡ ታዲያ እንደ እኛው ዕድር እያዋጣ ይረዳዳ ነበር። አይሁዱም፣ ጣሊያኑም፣ ፖላንዳዊውም የየራሱ ማኅበር ነበረው፤ ሟች ይቀብራሉ፣ ለመበለቲቱ ጥቂት ይሰጣሉ። ዕድር ግን ቀባሪ እንጂ ደመወዝ ከፋይ አይደለም። እጁ የተቆረጠን አባወራ ዓመቱን ሙሉ ሊቀልብ አይችልም።

ጉዳዩን በቁጥር ያወጣችው ክሪስታል ኢስትማን የምትባል ወጣት የሕግ ምሩቅ ናት። በፒትስበርግ ዙሪያ ባለው አሌጌኒ አውራጃ ከሐምሌ 1906 እስከ ሰኔ 1907 ድረስ በሥራ ላይ የሞቱትን 526 ሰዎች እያንዳንዳቸውን ተከታተለች። ቤት ለቤት ሄዳ ሟቹ ምን እየሠራ ሳለ እንደሞተና ቤተሰቡ ምን እንዳገኘ ጠየቀች። ባለትዳር ሟቾች ካሏቸው ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወይ ምንም አላገኙም፣ ወይ ከ100 ዶላር ያልበለጠ ነው ያገኙት። አሠሪዎች አደጋው የሠራተኛው ግድየለሽነት ነው ይሉ ነበር፤ የእሷ መዝገብ ግን ብዙውን ሞት ያመጣው የሥራው አኳኋንና ጥድፊያ መሆኑን አሳየ። መጽሐፏ በ1910 ታተመ።

ከጥፋት ክርክር ሌላ መንገድ ግን ነበር፤ ጀርመን በ1884 በቢስማርክ ዘመን ለሥራ ጉዳት መድን አቋቁማ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ቀድማ የሞከረችው ከእኛ ወንዝ ማዶ ያለችው ሜሪላንድ ናት፤ በ1902 ያወጣችውን ሕግ ፍርድ ቤት በ1904 ሻረው። ኒው ዮርክ በ1910 አደገኛ በሆኑ ሥራዎች ላይ ጥፋት ሳይጠየቅ ካሳ እንዲከፈል ደነገገች። ኤርል አይቭስ የሚባል የባቡር ሠራተኛ ተጎድቶ በዚህ ሕግ ካሳ ሲጠይቅ ኩባንያው ተከራከረ፤ የግዛቲቱ ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም መጋቢት 24 ቀን 1911 ሕጉን ሻረው። ያላጠፋን አሠሪ ማስከፈል ንብረቱን መቀማት ነው አለ።

በማግሥቱ፣ መጋቢት 25፣ ማንሃተን ውስጥ ትራያንግል የተባለው የሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለ። ፋብሪካው ከ8ኛ እስከ 10ኛ ፎቅ ነበር። 146 ሰዎች ሞቱ፤ የበዙት ከምሥራቅ አውሮፓና ከጣሊያን የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በ9ኛው ፎቅ አንደኛው የመውጫ በር ተቆልፎ ነበር። ባለቤቶቹ ማክስ ብላንክና አይዛክ ሃሪስ ተከሰው በታኅሣሥ ነጻ ወጡ፤ በሩ መቆለፉን ያውቁ እንደነበር ከሳሽ በበቂ አላስረዳም ተባለ። ካሳ የሚያስከፍለው ሕግ ከእሳቱ አንድ ቀን በፊት ስለተሻረ ቤተሰቦች የቀራቸው ያው የጥፋት ክርክር ነበር። በ1914 ክስ የመሠረቱ 23 ቤተሰቦች በአንድ ነፍስ 75 ዶላር ተቀብለው ጉዳዩ ተዘጋ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ ዊስኮንሲን በዚያው በ1911 ጸንቶ የቆየ የካሳ ሕግ አወጣች። ኒው ዮርክ በ1913 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ አዲስ ሕግ ደነገገች፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1917 አጸናው። ቨርጂኒያ በ1918 አውጥታ ከ1919 መባቻ ጀምሮ ሠራችበት። የመጨረሻዋ ሚሲሲፒ በ1948 ገባች።

ሕጉ ስምምነት እንጂ ምጽዋት አይደለም፤ ሁለቱም ወገን የተወው ነገር አለ። አሠሪው «አጥፍተሃል» ማለትን ተወ። ሠራተኛው አሠሪውን ከስሶ ለሥቃዩ ትልቅ ገንዘብ መጠየቅን ተወ። በምትኩ ሕክምናውን ያገኛል፤ መሥራት ካልቻለ ቨርጂኒያ ውስጥ ከአማካይ የሳምንት ደመወዙ ሁለት ሦስተኛውን፣ ከጣሪያው ሳያልፍ፣ በአብዛኛው ቢበዛ ለ500 ሳምንት ይወስዳል። የማያውቃቸው ሰዎች በእሳትና በሐዲድ የከፈሉበትን ድርድር «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ መልሶ ለኢንሹራንሱ የሚያስረክብ ሰው ያናድደኛል። ሰክሮ ወይም ሆን ብሎ የደኅንነት ደንብ ጥሶ ካልተጎዳ በቀር አለመጠንቀቁ አያስከለክለውም።

የጥፋት ጥያቄ ሲወጣ በቦታው የቀንና የወረቀት ጥያቄ ገባ። እኛ የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው። የፓርኪንጉ ልጅ ወድቆ ለሱፐርቫይዘሩ በአፉ ይነግርና ቤቱ ይገባል፤ ፌጦ ይጠጣል፣ ቅዳሜ ወጌሻ ያሻዋል። ወጌሻው እጁ የተባረከ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀት ግን አይሰጥም። የቨርጂኒያ ሕግ ጉዳቱ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለአሠሪው እንዲነገር ይፈልጋል። አሠሪው ሪፖርት አደረገ ማለትም ካሳ ተጠየቀ ማለት አይደለም፤ ሠራተኛው ራሱ በ2 ዓመት ውስጥ ለግዛቱ የካሳ ኮሚሽን ጥያቄውን ማስገባት አለበት። ሐኪሙንም አሠሪው ካቀረበለት ቢያንስ የሦስት ሐኪሞች ዝርዝር ውስጥ ይመርጣል።

አልጋ አንጣፊዎችን የሚጎዳ ሌላ ነገር አለ። ቀስ በቀስ የሚመጣ የወገብና የትከሻ ሕመም እዚህ በአብዛኛው አይካስም፤ ሕጉ የሚፈልገው በታወቀ ሰዓት በታወቀ ድርጊት የደረሰ ጉዳት ነው። «ከቆየ ነው የሚያመኝ» ያለች እህት ፋይሏን ዘጋች ማለት ነው፤ ፍራሹን ስታነሳ ትከሻዋ የጮኸበት ቀን ካለ እሱን ቀን ትናገር። ካሳ ለዝግ ያለ ጉዳት ዐይኑ መታወሩ የቆየ ነው። በጎረቤት ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሃውክስ ኔስት በተባለ ቦታ፣ በ1930 እና 1931 ተራራ ሲበሳ አብዛኞቹ ጥቁር የሆኑ ሠራተኞች የድንጋይ አቧራ ያለ ጭምብል ማጉ። በ1936 የአሜሪካ ምክር ቤት ሲመረምር 476 ሰው መሞቱ ተነገረው። የግዛቲቱ የካሳ ሕግ አቧራው የሚያመጣውን የሳንባ በሽታ ያወቀው በ1935 ነበር፤ ሰዎቹ ከታመሙ በኋላ።

የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውም ይፈራል። በ1999 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ በካሳ ሕጉ «ሠራተኛ» አይባልም ብሎ ነበር። ምክር ቤቱ በቀጣዩ ዓመት ሕጉን አሻሽሎ በሕጋዊም ሆነ በሕገ ወጥ መንገድ የተቀጠረ ሁሉ እንዲካተት አደረገ። ከጉዳት በፊት ያለው ደኅንነት ደግሞ በታኅሣሥ 1970 በወጣ የፌዴራል ሕግ ተጠብቋል፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ፈረሙበት። ሠራተኛ ስሙ ለአሠሪው ሳይነገር ተቆጣጣሪ እንዲመጣ መጠየቅ ይችላል፤ በመጠየቁ ከተባረረ ግን አቤቱታውን በ30 ቀን ውስጥ ያስገባ።

አገር ቤትም ሕጉ ከዚህ አይርቅም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ የተጎዳው ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ያገኛል። እዚህ መጥተን ራሳችንን የምንከስሰው እንግዲህ የአገራችን ሕግ ስላስተማረን አይደለም። እንጀራችን እንዳይዘጋ ከመፍራት ነው።

የሚያሳስበኝ ከሕጉ ውጭ የቀሩት ናቸው። ታክሲ የሚነዱ፣ በስልክ መተግበሪያ ሰውና ምግብ የሚያደርሱ ወገኖቻችን በወረቀት ላይ የራሳቸው አለቃ ናቸው፤ ለተቀጣሪ የሚሰጠው የግብር ወረቀት ደብሊው ቱ የለም፣ ለራሱ ለሚሠራ የሚሰጠው ቴን ናይንቲ ናይን ብቻ ነው፣ ካሳም የለም። ወረቀቱ ብቻውን አይወስንም፤ ሥራውን ማን እንደሚያዝና እንደሚቆጣጠር ዳኛ ያያል፤ ስለዚህ ጠበቃ ሳይጠይቁ ተስፋ አይቁረጡ። ነገሩ ግን ዳኛ ሾው ለፋርዌል የነገሩት ራሱ ነው፤ አደጋው በምትቀበለው ክፍያ ውስጥ አለ ይባላሉ። ፋርዌል ይህን ሲሰማ እጁ አስቀድሞ ጠፍቶ ነበር፤ የእኛ ሾፌሮች ግን ውሉን ከመፈረማቸው በፊት ብጎዳ ማን ይከፍላል ብለው መጠየቅ ይችላሉ።