የሰንጋ ተራው ቁራና የጎንደሩ ሠዓሊ

ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው ከከብት ገበያው ነው። ዛሬ ቦታውን ባንኮችና ኮንዶሚኒየሞች ይዘውታል፤ ሰንጋው የቀረው ስሙ ላይ ብቻ ነው። ቁራው ግን አልሄደም። ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ኖሬአለሁ፤ የምንቃሩን ግዝፈት፣ ጫፉም ማጅራቱም ነጭ መሆኑን ያስተዋልኩት ግን ደብተርና እርሳስ ይዤ አጥር ሥር የተቀመጥኩ ቀን ነው።

ይህን ቁራ እ.ኤ.አ. በ1836 ለሳይንስ የመዘገበው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ዋልያንና ጭላዳን መዝግቧል። እኔ የማስበው ግን ከእርሱ አስቀድሞ ስለመጣው ስለ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። የቦሎኛው ሠዓሊ ስኮትላንዳዊውን ጀምስ ብሩስን ተከትሎ ጎንደር ገባ፤ ኮሶን፣ እንሰትን፣ ቁልቋልን ቅጠሉን ከአበባው ለይቶ ሳለ። በ1771 እዚያው ጎንደር አረፈ። ብሩስ በ1790 ባሳተማቸው 5 ቅጾች የሠዓሊውን ድካም ለራሱ አደረገው፤ እስከ ግሽ ዓባይ አብሮት የተጓዘውን ሰው ከጉዞው ታሪክ አወጣው። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። እንሰት የሚለው ቃላችን የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሆኗል፤ ቃሉን ያቀበላቸው ያገሬው ሰውስ?

ፎቶግራፍ ከመጣ በኋላስ መሳል ምን ይሠራል? አሜሪካዊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ በ1926 እና 27 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ቡድን ጋር አገራችንን ሲዞር በሥራው መልሶታል። ወፍ ሲሞት የዓይኑ፣ የምንቃሩና የእግሩ ቀለም ወዲያው ይጠፋል፤ ሙዚየም የሚደርሰው ቆዳ ያን አይናገርም። ስለዚህ ቀለሙ ሳይሸሽ በውኃ ቀለም ይቀድመው ነበር። አገሩ በተመለሰ በ1927 ነሐሴ መኪናውን ባቡር ገጭቶት ሞተ። ሥዕሎቹ ተረፉ፤ 32ቱ በ1930 በአልበም ታተሙ።

የእኛ እጅ ዘግይቶም ቢሆን ሥራው ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በ2009 በ8 ቅጽ ሲጠናቀቅ፣ እንደ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ያሉ ምሁሮቻችን ከፊት ነበሩ። በመዝገቡ ውስጥ ያሉት የቀለም ብዕር ሥዕሎች አበባን ከፍተው ውስጡን ያሳያሉ።

ትናንት ቁራዬን ስጨርስ አንድ ሊስትሮ በትከሻዬ አሻግሮ አየና፣ «ጋሼ፣ እግሩን አሳነስከው እኮ» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁት፤ ልክ ነበር። እግሩን አስተካክዬ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ። ከሥሩም የልጁን ስም።